ዎንደር ውማን፦ የጭቃዋ ልጅ ወይስ የዜውስ?

እ.ኤ.አ. በ1941 የሥነ ልቦና ምሁሩ ዊሊያም ማርስተን የፈጠራት የኮሚክስ (የሥዕል ታሪክ) ጀግና ዎንደር ውማን፣ በስሟ ዳያና፣ አባት የላትም። እናቷ፣ የአማዞኖቹ (የተዋጊ ሴቶቹ) ንግሥት ሂፖሊታ፣ ከጭቃ አበጀቻት፤ የፍቅር አምላኳ አፍሮዳይት ደግሞ ነፍስ ዘራችባት። በግሪክ አፈ ታሪክ ቀራጩ ፒግማሊዮን ለሠራው ሐውልት ሕይወት የሰጠችውም ይህችው አምላክ ናት። በ2011 ግን አሳታሚዋ ዲሲ ኮሚክስ ታሪኩን ለውጦ የአማልክቱ ንጉሥ የዜውስ ልጅ አደረጋት።

ሁለተኛው ታሪክ ለደራሲ ይመቻል፦ የጦርነት አምላኩ አሬስ ወንድሟ ይሆናል፣ ጠቡም የቤተሰብ ጠብ። ችግሩ ኃያሉ ጀግና ሄራክልስም የዜውስ ልጅ መሆኑ ነው፤ በአፈ ታሪኩ የሂፖሊታን ቀበቶ የወሰደው ያው ሰውዬ! ኃይሏም እንደ እሱ የአባት ውርስ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ጭቃዋን እመርጣለሁ። ወንድ በሌለበት ደሴት፣ በእናት ምኞት ብቻ የተገኘች ጀግና ሌላ የት አለች? የዜውስ ልጆችማ ሞልተዋል።