ሄሊዮስ 44-2 በጎንደር ፀሐይ፦ ከወራት በኋላ

ሄሊዮስ 44-2 ሌንስን ዜኒት-ኢ ካሜራ ላይ ገጥሜ ጎንደርን ስዞር ወራት አለፉ። ክረምቱንም በጋውንም አብረን አይተናል። ሌንሱን እወደዋለሁ። ግን የእኛን ፀሐይ ሳያውቁ የሚገዙት ዕቃ አይደለም።

ለማያውቁት፣ የሶቪየት ሥራ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር ነው፤ አፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አሠራሩ የጀርመኑን ባዮታር የተከተለ ነው። ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። የእኔው ፀሐይ ላይ ደህና ነው፤ ጥላ ውስጥ ግን አላምነውም።

ሰው ይህን ሌንስ የሚፈልገው ከጀርባ ለሚያወጣው ሽክርክሪት ነው። ለዚህ የፋሲል መዋኛን የሚያክል ቦታ አላየሁም። ሥራቸው ግንቡን ያቀፈውን ዛፎች ታውቋቸዋላችሁ። የምታነሱት ሰው ሁለት ሜትር ያህል ይራቃችሁ። ዛፎቹ ደግሞ ከእሱ ኋላ ራቅ ይበሉ። ኤፍ 2 ላይ ስትከፍቱት በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ብርሃን ፊቱን ከቦ ይዞራል። ይህን በስልክ ማጣሪያ አታገኙትም።

ችግሩ ቀትር ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትቻልም። ካሜራው ደግሞ ከ1/500 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ለብርሃን ይበልጥ ስሜታዊ ነው) ካስገባችሁ ኤፍ 16 ላይ ናችሁ፤ ሽክርክሪቱን እርሱት። 100 ፊልም እንኳ ኤፍ 8 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤፍ 2ን ለማለዳና ለጥላ ነው የማስቀምጠው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥም ያስፈልጋል። ፍላሽ አይፈቀድም፤ የጣሪያውን የመላእክት ፊቶች በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ማንሳት የሚቻለው ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነው። ቀትር ላይ ፋሲል ግቢ ገብቼ ግንቡን በኤፍ 8 አነሳለሁ። እዚያ ላይ ሌንሱ ስል ነው፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ግን ምስሉ ይነጣል፤ መከለያ ግዙለት።

ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ነው። መለኪያው በነጩ ይታለልና ነጠላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ፣ ከፈት ማድረግ ነው።

አፐርቸሩ ሁለት ቀለበት አለው። በአንደኛው ኤፍ 8 ብላችሁ ትወስናላችሁ። ሁለተኛው ከኤፍ 2 እስከዚያ ድረስ ያለ ድምፅ ይዞራል። ከፍቶ ፎከስ ማድረግ፣ ዘግቶ ማንሳት። የዜኒት መመልከቻ ጨለምለም ያለ ስለሆነ ሳይከፍቱ ፎከስ ማድረግ ዓይን ያደክማል። ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም። ቁጭ ብለው ቡና ለሚያፈሉ እናት ግን ይመቻል።

ፊልሙን የማጥበው ቤቴ ነው። ኢልፎርድ ኤችፒ5 የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ዲ-76 በተባለው ምስል አውጪ ኬሚካል፣ ሳላቀጥን፣ 20 ዲግሪ ላይ 7 ደቂቃ ተኩል። ቤት ውስጥ ያደረ የጀሪካን ውሃ ከዚያ ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ላይ የጎንደር አየር ባለውለታዬ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የውሃውን ነገር ነው። ቧንቧ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ፊልም ለግማሽ ሰዓት በሚፈስ ውሃ ማን ያጥባል? የኢልፎርድ ዘዴ ግን ይህን ገላግሎናል። ከፊክሰሩ (ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል) በኋላ ፊልሙ ያለበትን ታንክ ውሃ ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥ፣ መድፋት። እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፣ በመጨረሻም 20 ጊዜ። ለአንድ ፊልም 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ታንክ ካላችሁ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ፊክሰሩ ብቻ ፊልሙን የሚያጠነክር ዓይነት አይሁን። በበጋ ደግሞ አቧራው መከራ ነው። ፊልሙን ከመስቀሌ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በውሃ አርሳለሁ።

በክረምት ሌንሱን ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። ስትገዙም በእጅ ባትሪ አብርታችሁ መስታወቱን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ተዉት። የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት መኖር አለመኖሩን፣ የፎከሱ ቀለበት አለመድረቁንም ፈትሹ። ይህን ያለፈ ካገኛችሁ ግዙ። ማያያዣው ባለ 42 ሚሊሜትር ብሎን ስለሆነ፣ ፊልም ሲጠፋ በአዳፕተር ዲጂታል ካሜራ ላይም ይገጠማል።