«ቱሪንግ ነው» የተባላችሁትን ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳትመረምሩ ቀብድ አትስጡ

ያገለገለ ባለ ሦስት ጎማ ሞተርሳይክል ልትገዙ ካሰባችሁ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። የስፖርት ሞዴል ላይ ሁለት የጎን ሻንጣና አንድ የኋላ ሳጥን ይገጠማል፣ ረዘም ያለ የፊት መስታወት ይደረግለታል፣ ከዚያ «ቱሪንግ» (ለረጅም ጉዞ የተሠራ) ተብሎ በቱሪንግ ዋጋ ይቀርባል። ሻንጣ መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቱሪንግ የሚያሰኙት ነገሮች ግን ከሥር ናቸው፤ አሞርዛተሩ፣ የኋላ መቀመጫው፣ የመሸከም አቅሙ። እነዚህን በኋላ ላሟላ ቢሉ ወጪው ገዢውን ይጨርሰዋል።

ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ያለውን ካን-አም ስፓይደርን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። ጂኤስ እና ተከትሎት የመጣው አርኤስ የተባሉት ሞዴሎቹ የስፖርት ናቸው። 998 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አላቸው፣ ዕቃ የሚይዙት ፊት ለፊት ባለው 44 ሊትር ቦታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው አርቲ የሞተሩ መጠን ያው ቢሆንም ለረጅም መንገድ የተሠራ ነው። ዕቃ መያዣው በድምሩ 155 ሊትር ይደርሳል፣ የፊት መስታወቱ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ይላል፣ የኋላ አሞርዛተሩ በአየር ይታገዛል። በ2014 አርቲ 1330 ሲሲ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተርና 6 ማርሽ አገኘ። በ2015 ደግሞ ያንኑ 1330 ይዞ ኤፍ3 ወጣ፤ እግር ወደፊት ዘርግተው የሚነዱት፣ ዝቅ ያለ፣ የፊት ዕቃ ቦታው 24 ሊትር ገደማ የሆነ።

ማደናገሪያው እዚህ ጋ ነው። ሞተራቸው አንድ ስለሆነ ሻጩ «ኤፍ3ን ከአርቲ የሚለየው ሻንጣ ብቻ ነው» ይላችኋል። ፋብሪካው ራሱ ኤፍ3-ቲ እና ኤፍ3 ሊሚትድ የሚባሉ ባለ ሻንጣ ሞዴሎች ስላሉት ንግግሩ እውነት ይመስላል። ሻንጣ የሌለውን ኤፍ3 ሻንጣ ስላለበሱት ግን ኤፍ3 ሊሚትድ አይሆንም። የሻንሲ ቁጥሩን ወስዳችሁ ለአምራቹ ወኪል ስጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ሞዴል እንደነበረ በትክክል ይነግራችኋል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ስለ ዋጋ አትነጋገሩ።

ቀጥሎ የመጫኛ ልኩ የተጻፈበትን መለያ ፈልጉ። ቁጥሩ ነጂውን፣ የኋላውን ሰው፣ ዕቃውንና በኋላ የተገጠመውን ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የሻንጣዎቹ የራሳቸው ክብደት ከእናንተ ድርሻ ይቀነሳል። ሁለት ሰው አስቀምጡበትና ከጎን ቆማችሁ እዩ። ጀርባው በጣም ከሰመጠና የፊት መብራቱ ሽቅብ ካየ አሞርዛተሩ ሸክሙን አልቻለውም ማለት ነው። ከኋላው አክስል ወዲያ የተንጠለጠለ ሳጥን የፊት ጎማዎቹን ያቀላቸዋል፣ በፍጥነት ሲኬድ መሪው መዋለል ይጀምራል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የምትጭኑት ልጃችሁን ወይም ባለቤታችሁን ነው።

ሻንጣውን ክፈቱና የተያዘበትን ብረት ተመልከቱ። በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ ተዉት። ሽቦዎቹ ተቆርጠው በናስትሮ የተጠቀለሉ ከሆኑ ደግሞ የመሪ መያዣ ማሞቂያውን፣ ተጨማሪ መብራቱን፣ ሬዲዮውን ሁሉ አብሩና ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ ሲዞር ባትሪው ላይ ቮልት ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ለተጨመረበት ጭነት አልበቃም፣ ወይም ራሱ ተዳክሟል።

የስፓይደር 998 ሲሲ ሞተር ላይ የዘይት መለኪያውን ቀዝቃዛ ሳለ አትመኑት። ዘይቱ በሌላ ጋን ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ «ጎደለ» ብሎ የሚሞላ ባለቤት ከልክ በላይ ያደርገዋል፤ ትርፉም ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይወጣል። ሳጥኑን አስከፍቱ። ፊልትሮው በዘይት ከራሰ ይህ ሞተር በማያውቅ እጅ ቆይቷል።

1330ዎቹ ላይ የሚታየው የፊተኛው የቺንጋ ጥርስ ነው። ሽፋኑ ሲነሳ መሃሉ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ከተገኘ ጥርሱና ዘንጉ እየተፋጩ ነው። ገና በጊዜው ከተደረሰበት ይጸዳል፣ ካለፈበት ዕቃው ይቀየራል። የቺንጋውንም ጠርዝና ጥርሶች በእጃችሁ ዳስሱ።

ጎማውን ስታዩ የኋላው መሃሉ ብቻ ተልጦ ከሆነ እንደ መኪና ጎማ ሲነፋ ኖሯል ማለት ነው። ስፓይደር የሚፈልገው የኋላ 28 ፒኤስአይ፣ የፊት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ነው። የፊት ጎማዎች በውስጥ በኩል ብቻ ካለቁ አቅጣጫቸው ተዛብቷልና በሌዘር መስተካከል አለበት፤ ወጪውን ከዋጋው አስቀንሱ።

ራይከር የተባለውን ሌላውን የካን-አም ባለ ሦስት ጎማ «ቱሪንግ» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ካለ በአጭሩ እምቢ በሉ። 600 ወይም 900 ሲሲ፣ ማርሽ የማይቀያየርበት ቀላል ሞተር ነው። መደበኛው ሞዴል ሰው ከኋላ ለመጫን እንኳ ተጨማሪ ድጋፍ ብረት ይፈልጋል።

ያማሃ ኒከን ላይ ፍርዳችን ይለያል። እሱም ከፊት ሁለት ጎማ አለው፣ ግን እንደ ተራ ሞተር በየመታጠፊያው እስከ 45 ዲግሪ የሚያጋድል ነው። መጀመሪያ በ847 ሲሲ የወጣው ኒከን ጂቲ ከመደበኛው የሚለየው በአብዛኛው በፊት መስታወቱ፣ በመቀመጫው፣ በሚሞቀው መሪ መያዣና በጎን ሻንጣዎቹ ስለሆነ፣ መደበኛውን በደንብ ማልበስ ይቻላል፤ ዋጋው እንደ መደበኛው እስከሆነ ድረስ። ነገር ግን «ሦስት ጎማ ስላለው አይወድቅም» ለሚል ሻጭ ጆሮ አትስጡ። ኒከን ቆሞ የሚቆለፍበት ነገር የለውም፤ የጎን መቆሚያው ካልወረደ ከ260 ኪሎ በላይ የሆነው ብረት እግራችሁ ላይ ይተኛል።

በመጨረሻ ውሉ ላይ «ባለ ሦስት ጎማ ሞተር፣ ቱሪንግ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። የሞዴሉ ሙሉ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ በኋላ የተገጠሙት ዕቃዎች ዝርዝርና የቁልፎቹ ብዛት በሻጩ እጅ ተጽፎ ይፈረምበት። ቁልፎቹ በኤሌክትሮኒክ ከሞተሩ ጋር የተዛመዱ ስለሆኑ ሁለቱንም በየተራ አስነሥታችሁ ሞክሩ።