የፍጥነት መገደቢያ ከማስገጠማችሁ በፊት ሽቦው የት እንደሚገባ ጠይቁ

የድሬዳዋና የሐረር አሽከርካሪዎች፣ በተለይ የቆየ የቤት መኪና ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

ባለፈው ወር ለአሮጌዋ ኮሮላዬ የፍጥነት መገደቢያ በ18 ሺህ ብር አስገጠምኩ። ሻጩ «ለማንኛውም መኪና ይሆናል፤ አውሮፓም ግዴታ አድርጎታል» አለኝ። በ80 ኪሎ ሜትር አሰረው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

ከሦስት ቀን በኋላ እናቴን ይዤ ወደ ሐረር ወጣሁ። የደንገጎን ዳገት ጨርሰን ወደ ሐረማያ የሚወስደው ሜዳ ላይ አንድ የተጫነ አይሱዙ ልቀድም ገባሁ። 80 ላይ ስደርስ መኪናዋ ድንገት ሞተችብኝ። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠው ምንም የለም። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና እየመጣ ነው። ማርሽ ልቀንስ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ጭራሹን ጠፋ፤ መሪው ከበደ። ሞተር ከጠፋ በኋላ ፍሬን በደንብ የሚይዘው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በመጀመሪያው ርግጫ ከአይሱዙው ኋላ ተመልሼ ዳር ያዝኩ። እናቴ ክንዴን እንደያዘች «ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» ትላለች። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

መካኒኬ የኋላውን መቀመጫ ሲያነሳ ጉዱ ታየ። የቤንዚን ፓምፑ ሽቦ ተቆርጦ መሃል ላይ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ገብቶበታል፤ ጫፎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ፓምፑን ያጠፋል፤ ሥራው ይኸው ነው።

ትክክለኛው መገደቢያ ነዳጅን እንዲህ ድንገት አይቆርጥም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ቤንዚን መስጫው ካቦ የለውም፤ ምን ያህል እንደተረገጠ በኤሌክትሪክ ምልክት ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ይገባና የመኪናውን ፍጥነት እያነበበ፣ ወሰኑ ሲቃረብ ምልክቱን ቀስ አድርጎ ይቀንሳል። ሞተሩ አይጠፋም። የእኔዋ ግን ባለ ካቦ ናት፤ የሚቀነስ ምልክት የላትም። «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» የሚለው ቃል ውሸት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ከሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነውም ሌላ ነው፤ ከፋብሪካው ተሠርቶ የሚመጣ፣ የመንገድ ምልክት በካሜራ ወይም በካርታ አንብቦ የሚያስጠነቅቅ፣ አሽከርካሪው ጠንክሮ ከረገጠ የሚለቅ ነው።

ሻጩ «ደንገጎን ስትወርድም ይይዝልሃል» ብሎኝ ነበር። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። መገደቢያው ፍሬን አይነካም። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚገፋው ክብደቱ እንጂ ነዳጁ አይደለም፤ እግራችሁን ብታነሱም ፍጥነቱ ይጨምራል። ደንገጎን የሚያወርዳችሁ ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

ፍጥነት መገደብን አልቃወምም። በ80 የሚሄድ መኪና በ40 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመታው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላይ ልጆች መንገድ ሲሻገሩ ለሚያይ ሰው ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ስለዚህም ነው የገዛሁት፤ የተናደድኩትም ስለዚህ ነው። ገንዘቤን ስጠይቅ «አንዴ ከተገጠመ አይመለስም» ተባልኩ።

እናንተ ሳትከፍሉ በፊት «ሽቦው የት ነው የሚገባው?» በሉ። ሻጩ «ፓምፑ ላይ» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ሌላ መልስ ከሰጠም በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ፤ ገጣሚውም አጠገባችሁ ተቀምጦ ባዶ መንገድ ላይ እስከ ወሰኑ ድረስ ሞክሩት። አስቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የኋላ መቀመጫችሁን አስነሥታችሁ አሳዩ፤ ያ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ያለው ከነዳጅ ታንኩ በላይ ነው።