አዲስ አበባ ላይ የአበባ ቅርጫት ለምታዝዙ

ዘንድሮ ክረምቱን አዲስ አበባ የከረምኩት ለእህቴ ልጅ ምርቃትና ለእናቴ ሰማንያኛ ልደት ነው። በዚያ ላይ የጎረቤት ልጅ መልስ፣ የታመመች አክስት ጥየቃ ተጨምሮበት ከአበባ ቤት አበባ ቤት ስዞር ከረምኩ። እኔ ካለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግም (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ሆነ ከሌላ አገር ለእረፍት ለምትገቡ፣ ውጭ ሆናችሁም ለወላጅ አበባ ለምታዝዙ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። እቅፍ አበባን ማንም አስሮ ይሰጣችኋል። ጣጣው ያለው ቅርጫት ላይ ነው።

መጀመሪያ ለአክስቴ ያዘዝኩት ቦሌ አካባቢ ካለ ትልቅ አበባ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት ፎቶ ልብ ይሰርቃል። ቀብድ በቴሌብር ተቀብለው ጠዋት ሦስት ሰዓት እናደርሳለን ያሉት ቅርጫት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ዝናብ ነው፣ መንገድ ተዘግቷል አሉ፤ ክረምት ነውና ይሁን አልኩ። በማግስቱ ግን ከፊት የተሰኩት ጽጌረዳዎች አንገታቸውን ደፉ፣ ከኋላ ያሉት ቀጥ ብለው ቆሙ። ነገሩ ገርሞኝ አበባውን ነቃቅዬ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ስፖንጅ በቢላ ሰነጠቅኩት። ዳርዳሩ እርጥብ፣ መሀሉ ደረቅ ዱቄት። በአንድ ጎኑ ደግሞ ምንም ያልተሰካባቸው የቆዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከሌላ ሰው ቅርጫት ተነቅሎ የመጣ ነው ማለት ነው። ደውዬ ስነግራቸው «ማዘር፣ ውሃ አላጠጡት ይሆናል» ብለው እኔኑ ወቀሱኝ።

ቅርጫት ውሃ አይቋጥርም። ስለዚህ ውስጡ ላስቲክ ይነጠፋል፣ ላስቲኩ ላይ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ይቀመጣል፣ አበባው እሱ ላይ ይሰካል። ስፖንጁ ባልዲ ውሃ ላይ ተጥሎ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ መስመጥ አለበት። ቸኩለው በእጅ ከደፈቁት ውጪው ቶሎ ይርስና አየሩን መሀል ላይ ይዘጋበታል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ውሃ ብታፈሱበት መሀሉ አይርስም። አንዴ ጠጥቶ የደረቀ ስፖንጅም እንደ አዲሱ መልሶ አይጠጣም። (አይበሰብስምም፤ ሲያልቅ ጓሮ እንዳትጥሉት።)

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ኮንቴነር ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ለምርቃቱ ቀን እቅፍ አበባ ልገዛ ገብቼ ነው የተዋወቅነው። የቦሌውን ጉድ ስነግራት ሳቀችና «ስፖንጁ የውጭ ዕቃ ነው እትዬ፤ ዶላሩ ሲጨምር እሱም ይጨምራል፤ ደጋግመው የሚጠቀሙበት ለዚያ ነው» አለችኝ። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ እንደባሰ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያሻም።

የእናቴን ቅርጫት እሷው ሠራችው። እኔ የእናቴን የድሮ የአክርማ ሙዳይ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ትዝታ ይሆናል ብዬ። እምቢ አለችኝ። «ይሄ የእጅ ሥራ ነው፤ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ይሻግታል። ሂጂና የቀርከሃ ይዘሽ ነይ።» ልትሸጥልኝ የምትችለው ቅርጫት መደርደሪያዋ ላይ ተደርድሮ እያለ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርካሽ ታገኚያለሽ ብላ ላከችኝ። እኔ በዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።

ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ የሰካችው ቅጠል ነው፤ ስፖንጁ እስኪሸፈን ድረስ የባህር ዛፍ ቅጠል ዙሪያውን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋ። ከዚያ ረጅሙን ጽጌረዳ መሀል አቆመችና ሌላውን እሱን እያየች እያሳጠረች ሰካች። እያንዳንዱን ዘንግ ከታች ቅጠሉን ገፍፋ፣ በስለት አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቆርጣ፣ በአንድ ምት ታስገባዋለች። አውጥታ አትመልስም፤ ቀዳዳው ከሰፋ አበባው ውሃውን አያገኝም ትላለች። ሁለት ሦስት በሰካች ቁጥር ቅርጫቱን ታዞራለች። ጂፕሶፊላውን (ደቃቃውን ነጭ አበባ) የበተነችው መጨረሻ ላይ ነው። እጀታውን ባዶ ተወችው፤ የቦሌዎቹ በሪባንና በአበባ ጠቅልለውት ስለነበር ሞተረኛው ከሥር አቅፎ ነው ያመጣው።

እናቴ አበባውን አሽትታ «ሽታ የሌለው አበባ ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው ብር ያወጣሽው?» ማለቷ አልቀረም። እውነቷን ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ አብዛኛው ሽታ የለውም፣ የሚመረጠው በመንገድ እንዲቆይ ነው። በማግስቱ ለልጅቷ ስነግራት ቀጣዩ ላይ አሪቲና ጤና አዳም ጨመረችልኝ። ቡና ተፈልቶ ዘመድ ሲሰበሰብ ቤቱ እንዴት እንዳወደ! እናንተም ስታዝዙ ጠይቁ፤ ዋጋው ኢምንት ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ጥሩው አበባ ሁሉ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ለእኛ የሚቀረው ውዳቂው ነው እያለ ነው። ኢትዮጵያ አበባ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት፤ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከዝዋይ የተቆረጠው በአውሮፕላን ወደ ሆላንድና ቤልጅየም ይጫናል። እዚህ ሜሪላንድ ሱፐርማርኬት የምንገዛው ጽጌረዳ ግን በአብዛኛው የኮሎምቢያና የኢኳዶር ነው። አገር ቤት የሚቀረው ዘንጉ ያጠረ ወይም የተጣመመ፣ አንዳንዴም ፈንድቶ ያለፈበት ነው። እንግዲህ ቅርጫት ላይ ዘንጉ ሁሉ አጥሮ አይደል የሚሰካው? ማጠሩም መጣመሙም አይታይም። የፈነዳውን ብቻ ተጠንቀቁ፤ እምቡጡን ከሥሩ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ጠንከር ካላለ መልሱት። የሆለታው ደጋ ስለሆነ የአበባው ራስ ትልልቅ ነው፣ የዝዋዩ ቆላ ቀመስ በመሆኑ አነስ ይላል፤ ለትንሽ ቅርጫት እንዲያውም የዝዋዩ ይሻላል። ስለዚህ «የኤክስፖርት ደረጃ ነው» እያለ ዋጋ የሚቆልልባችሁን እለፉት። የሚከፈለው ለእጅ ነው፤ የስድስት ኪሎዋ ልጅ የጠየቀችኝ የቦሌውን ግማሽ አይሞላም ነበር።

ለመልሱ የታዘዘው ዲኮር ቤት ብዙ የሚወራለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ አርቴፊሻል ነው፣ በሰዓቱ ተከሉ፣ በሰዓቱ ነቀሉ።

ዋጋ ስትጠይቁ አገር ቤት ያለ ዘመድ ይጠይቅላችሁ፤ የእኛ አማርኛ ሳናውቀው ያስታውቅብናል። አድራሻ ስትሰጡ የሞተረኛውን ስልክ ተቀበሉ፣ የቤቱንም ምልክት ንገሩ፤ በካርታ ብቻ የሚያገኝ የለም። ስፖንጁ አዲስ መሆኑን ሳይሰካ በፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ቅር የሚለው ሻጭ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ልመለስ ስል የስድስት ኪሎዋን ልጅ ለመስከረም የአደይ አበባ ቅርጫት ለእናቴ ትሠሪልኛለሽ ወይ አልኳት። «አደይ ስፖንጅ ላይ አይሆንም እትዬ፣ አገዳው ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። በማሰሮ ውሃ አድርጌ እወስድላቸዋለሁ» አለችኝ። ቀብድ ልስጥሽ ብላት እንቁጣጣሽ ሲደርስ ትልኪያለሽ ብላ አልተቀበለችኝም።