የስፖርት ፖሊሲ ለምታረቅቁ፦ የዓለም የጤና ድርጅትን የአካል እንቅስቃሴ መርሐ ግብር ሠርቼበት ያየሁት

ብሔራዊ የስፖርትና የመዝናኛ ፖሊሲ እንዲያረቅቅ የተቋቋመ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ሰነድ ፈልጎ፣ ስሙን ቀይሮ ይጀምራል። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሰነድ እንድታነብቡ እፈልጋለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው፣ እስከ 2030 የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ የአካል እንቅስቃሴ የድርጊት መርሐ ግብር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል።

ወደ ፖሊሲ ሥራ ከመግባቴ በፊት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርኩ። ስለዚህ ማንኛውም የስፖርት ሰነድ እጄ ሲገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ቢጸድቅ ሜዳው ላይ ምን ይለወጣል? ማን ይገባበታል? እስከ ዛሬስ ማን ቀርቶበት ነበር?

ሰነዱ 4 ዓላማዎችና በሥራቸው 20 የፖሊሲ ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው ዓላማ የኅብረተሰቡን አመለካከት፣ ሁለተኛው አካባቢን፣ ሦስተኛው ሰዎች የሚሳተፉባቸውን መርሐ ግብሮች፣ አራተኛው የአመራርና የመረጃ ሥርዓቱን ይመለከታል። ትልቁ ጥቅሙ ጉዳዩን ከስፖርት መሥሪያ ቤት ትከሻ ላይ አውርዶ ለሌሎችም ማካፈሉ ነው። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ የመንገድ ደኅንነት፣ ክፍት የሕዝብ ቦታ፣ የሕንጻ አሠራር ሳይቀር ሁለተኛው ዓላማ ውስጥ ተካተዋል። በአንድ የረቂቅ ስብሰባ ላይ የትራንስፖርት ዘርፍ ተወካዩ «እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ሊወጣ ሲል ይህንን ክፍል አውጥተን አሳየነው። ቁጭ ብሎ አነበበውና የእግረኛ መንገድን የሚመለከተውን አንቀጽ ራሱ እንደሚጽፍ ነገረን። እንዲህ ያለ ውጤት ከሰነድ ሲገኝ ብርቅ ነው።

ለእያንዳንዱ ተግባር መንግሥታት ምን ያድርጉ፣ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ምን ያግዝ፣ አጋሮች ምን ይሥሩ የሚለው ለየብቻ ተዘርዝሯል። ረቂቁን በሰንጠረዥ ስትሠሩ «ፈጻሚ አካል» የሚለው ዓምድ በዚህ ይሞላል። ብዙ ፖሊሲ የሚወድቀው እዚያ ዓምድ ላይ «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት» ተብሎ ሲታለፍ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግቡን ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ። መርሐ ግብሩ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ አዋቂዎችና ታዳጊዎች ድርሻ እስከ 2030 በ15 በመቶ እንዲቀንስ ይላል። ይህ አንጻራዊ ቅነሳ ነው። ከ100 ሰው 40ው የማይንቀሳቀስበት አገር 34 ላይ መድረስ አለበት ማለት እንጂ 25 ላይ ማለት አይደለም። ሁለቱን ያምታቱ ረቂቆች አይቻለሁ፤ ሊደረስበት የማይችል ቁጥር አንዴ ከጸደቀ በኋላ በየዓመቱ ሪፖርት ሲያሳፍር ይኖራል።

ዓለም ራሱ ወደ ግቡ እየሄደ አይደለም። በ2024 የወጣው የድርጅቱ ጥናት በ2022 ከአዋቂዎች 31 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርግ አሳይቷል፤ በ2010 ይህ ቁጥር 26 በመቶ ገደማ ነበር። በዚሁ ከቀጠለ በ2030 ወደ 35 በመቶ ይጠጋል። ድርጅቱ በ2022 ባወጣው የሁኔታ ሪፖርት ደግሞ ብሔራዊ የአካል እንቅስቃሴ ፖሊሲ ያላቸው አገሮች ከግማሽ በታች ናቸው፤ ካሉትም ፖሊሲዎች በሥራ ላይ ያሉት 40 በመቶ አይሞሉም። ከሁለተኛው ቁጥር የምረዳው ችግሩ ጽፎ መጨረሱ ላይ እንዳልሆነ ነው።

መርሐ ግብሩ የሚሳሳው እዚህ ጋ ነው። ገንዘብን የሚመለከተው ተግባር ከ20ዎቹ መጨረሻው ነው፤ በቦታው ብቻ ሳይሆን በይዘቱም አላረካኝም። ለውድድር ስታዲየም የሚወጣው በጀት ለሰፈር ማዘውተሪያ ስፍራ ከሚወጣው ጋር ሲጋጭ የቱ ይቅደም? ብሔራዊ ቡድኑና ተራው ሕዝብ ከአንድ ቋት ሲጠጡ ማን ይወስን? የስፖርት ፖሊሲ ሲረቀቅ የሚያጣላው ጥያቄ ይህ ሆኖ ሳለ መልሱን እዚያ አታገኙትም።

ስለዚህ ከሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ1974 ጀምሮ እሑድና በበዓላት ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች። አስፋልቱ አስቀድሞ ያለ ነው፤ የሚያስፈልገው አስተባባሪና የትራፊክ ሥርዓት ነው። ፊንላንድ ደግሞ በዩቨስኩለ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደር የአገር አቀፍ ማዘውተሪያ ስፍራዎች መዝገብ አላት፤ የቱ ሜዳ፣ የቱ መዋኛ የት እንዳለ በካርታ ይታያል። ያለውን ሳይቆጥሩ አዲስ ለመገንባት የሚጣደፉ ሰዎችን ሳይ ያን መዝገብ እመኛለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ የበለጠ ያሳስበኛል። ሰነዱ የጤና ድርጅት ሥራ ስለሆነ እንቅስቃሴን የሚያየው በበሽታ በኩል ነው። መለኪያው ደቂቃ ነው፤ የድርጅቱ የ2020 መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ጨዋታ፣ ዳንስ፣ ከጓደኛ ጋር መራመድ፣ ዝም ብሎ በዛፍ ሥር መቀመጥ ጭምር የመዝናኛ ፖሊሲ ጉዳዮች ናቸው። የደስታ ነገር በሰነዱ ውስጥ ቢነሳም ግቡ ላይ ሲደረስ አይቆጠርም።

በመምህርነቴ ጊዜ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ከሜዳ የሚቀሩ ሴት ልጆችን አውቃለሁ። በ2016 መረጃ መሠረት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 85 በመቶው፣ ከወንዶቹ 78 በመቶው የሚመከረውን እንቅስቃሴ አያደርጉም። ተማሪዎቼ የቀሩት ስፖርት ለጤና እንደሚጠቅም ስላልተነገራቸው አልነበረም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል አልነበረም፣ አጥሩ ላይ ቆመው የሚያሾፉ ነበሩ፣ ሜዳው ከሰዓት በኋላ ለወንዶች ግጥሚያ ተይዞ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በደቂቃ የሚለካ ግብ አያየውም። ለዚህም የዩኔስኮን የ1978 ቻርተር፣ በ2015 የተሻሻለውን፣ አብራችሁ አንብቡ። እሱ የሚነሳው ከመብት ነው፤ የአካል ማጎልመሻ፣ የአካል እንቅስቃሴና ስፖርት ለማንኛውም ሰው መሠረታዊ መብት ናቸው ይላል። የረቂቃችሁ መግቢያ ከመብቱ ጀምሮ ወደ ጤናው ቢሄድ ሜዳ የተነፈገው ሰው የሚጠይቅበት አንቀጽ ያገኛል።

በጥቅሉ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የቀነሰው ኮከብ በገንዘቡና በመዝናኛው ክፍተት ነው። በሌላ በኩል ከእሱ ጋር የሚሄዱት የ2021 አጋዥ መመሪያዎች፣ ለትምህርት ቤትና ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የተዘጋጁት፣ ከዋናው ሰነድ የበለጠ ወደ መሬት የወረዱ ናቸው።

ስትጠቀሙበት ከአራተኛው ዓላማ ጀምሩ፤ አመራሩና መረጃው ሳይለይ ሌላው አይቆምም። ከዚያ 20ዎቹን ተግባራት ዘርዝራችሁ በአገሪቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚሠራውን፣ ሕግ ኖሮት በጀት የሌለውን፣ ጨርሶ የሌለውን ለዩ። የትምህርት ቤቶቹ መመሪያ ግን ፖሊሲው እስኪጸድቅ መጠበቅ የለበትም። በእረፍት ሰዓት ስለሚደረግ ጨዋታ፣ ከትምህርት በፊትና በኋላ ስለሚኖር እንቅስቃሴ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ስለማካተት የተጻፈው ክፍል አንድ ርዕሰ መምህር ከመምህራኑ ጋር ተቀምጦ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሊጀምረው የሚችል ነው።