ተንጠልጣይ መሰናክል በጓሮ፦ ከስምንት ወር በኋላ ምን ይመስላል?

ዕቃው በሁለት ዛፎች መሃል የሚወጠር ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሱ ላይ የእንጨት ዘንጎች፣ ቀለበቶች፣ ቋጠሮ ያለው ገመድና መወጣጫ መረብ ይንጠለጠላሉ። ልጆቹ መሬት ሳይነኩ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ይታገላሉ። የገዛነው ለሁለት ልጆቻችን ነው፤ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ስድስት። ስምንት ወር አለፈው፤ ዛሬም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው የሚሮጡት ወደሱ ነው።

ወድጄዋለሁ። ገና ላልገዛ ሰው ግን አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ልጅን ከጉዳት የሚያድኑት ዛፉ፣ መሬቱና በየጊዜው የሚደረገው ፍተሻ ናቸው። እነሱ ከዕቃው ጋር አይመጡም።

ከዛፉ ልጀምር። በሕይወት ያለ፣ ጤናማና ግንዱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ ያስፈልጋል። አናቱ የደረቀ፣ ግንዱ ላይ እንጉዳይ ያበቀለ ወይም ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ዛፍ አይሆንም። የአጥር እንጨትና የበረንዳ ምሰሶም አይታሰቡ። «ልጄ 30 ኪሎ ናት፣ ምን ታደርገዋለች?» የሚል ሰው ይኖራል። ጉዳዩ ኪሎዋ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ዛፎች በ12 ሜትር ይራራቁ እንበል። ልጅቷ መሃል ላይ ስትንጠለጠል ማሰሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ እያንዳንዱ ዛፍ የሚሳበው በ150 ኪሎ ያህል ነው። ማሰሪያውን አጥብቀን 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል ብናደርገው፣ ጉልበቱ ወደ 300 ኪሎ ይደርሳል። ይሄ ልጅቷ ዝም ብላ ስትንጠለጠል ነው፤ ስትወዛወዝና ስትዘል ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በጣም ማጥበቅ ደኅንነት አይጨምርም፤ ዛፉንም ማሰሪያውንም፣ ማሰሪያውን የሚወጥረውን ባለጥርስ ማጥበቂያም ያስጨንቃል። ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው። የልጁ እግር መሬት እንዳይነካ ከተፈለገ የሚሻለው ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።

ያም ቢሆን ከፍታ ገደብ አለው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ለሕዝብ መጫወቻ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ፣ በእጅ የሚንጠለጠሉባቸው ዕቃዎች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ከ1.5 ሜትር፣ ለተማሪዎች ደግሞ ከ2.1 ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ጨርሶ አይመክርም። እኛ የመረጥነው ለትንሹ ልጅ የሚሆነውን ከፍታ ነው። እህቱ ትንሽ አጉረመረመች፤ አልተቀየረም።

መሬቱ ላይ ሰው ይዘናጋል። ሣር ለስላሳ ይመስላል፣ ግን የተረገጠ ሣርና ደረቅ አፈር ከውድቀት እንደሚያድን ንጣፍ አይቆጠርም። በዚያው መመሪያ መሠረት 23 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በማሽን የተከተፈ እንጨት እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላለው ውድቀት ይበቃል። ያንኑ ያህል አሸዋ የሚበቃው ግን ለ1.2 ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱን ሳይ እንጨቱን ለመምረጥ አላመነታሁም። እየተረገጠ ስለሚጠቀጠቅ መጀመሪያ የሚሞላው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በየአቅጣጫው 1.8 ሜትር ያህል ድንጋይ፣ ግንብ፣ ብስክሌት፣ ምንም ነገር መኖር የለበትም። በስምንቱ ወራት ብዙ ያደከመን ሥራ የእንጨቱ ንጣፍ ነው። ልጆቹ በብዛት የሚወድቁበት ቦታ ላይ እንጨቱ ተገፍቶ ይጎደጉዳል፣ በሬክ (ባለጥርስ መጎተቻ) መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዕቃው ራሱ። ማሰሪያው ፖሊስተር ነው። ዝናብ ብዙም አልጎዳውም፤ ፀሐይ ግን ቀለሙን አደብዝዞታል፣ ጠርዙም ትንሽ ተተልትሏል። ፀሐይ ፖሊስተርን ቀስ በቀስ ስለሚያደክም፣ ለብዙ ቀን የማንጠቀምበት ከሆነ አውርደን እናስቀምጠዋለን። ይህ ለዛፉም ይጠቅማል። ምግብ የሚያመላልሰው የዛፉ ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ ሁልጊዜ ከታነቀ ዛፉ ይጎዳል። ወፍራም መከለያ ከማሰሪያው ሥር ማድረግ ግዴታ ነው። ማጥበቂያው ጥርሱ ላይ ዝገት ጀምሮት ነበር፣ ትንሽ ዘይት በቃው። ማላላትና ማጥበቅ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ በድንገት ከተለቀቀ እጅ ይሰብራል።

ዘንጎቹ ሸካራ ሆነው ስለነበር በአሸዋ ወረቀት አለሳለስናቸው። ቀለበቶቹ ደህና ናቸው። መረቡን ግን አውልቄ ጥዬዋለሁ። ቋጠሮዎቹ እየተንሸራተቱ አንዳንዱ ዓይን ሰፋ፣ አንዳንዱ ጠበበ። የመጫወቻ ደኅንነት መመሪያዎች ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ያለውን ክፍተት አደገኛ ይሉታል፤ የልጅ ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። የመረቡ ዓይን እዚያ ውስጥ ሲገባ ሳይ መጠገን አልፈለግኩም። የተንጠለጠለ ገመድም ጫፉ ላይ አንገት የሚያስገባ ዙር ሊኖረው አይገባም።

ከመውጣታቸው በፊት የምናየው ነገር አለ፦ ኮፍያው ማሰሪያ ያለው ሹራብ ይወልቃል፣ የአንገት ሀብልም እንዲሁ። ብዙ ወላጅ የሚገርመው ሄልሜቱም መውለቁ ነው። ለብስክሌት ሕይወት አድን ነው፤ እዚህ ግን ማሰሪያው ተይዞ ልጁን በአገጩ ሊያንጠለጥለው ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ይወጣል። ከእኛ አንዳችን ሁልጊዜ አጠገባቸው ነን።

ትልቋ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ዘንግ ላይ ስትደርስ ትወድቅ ነበር፤ አሁን ሄዳ ትመለሳለች። ትንሹ ገና ቀለበቶቹ ላይ ነው፣ ግን ክንዱ መጠንከሩን በዓይኔ አያለሁ። ይህን ደስታ ያለ ሁለት ጥሩ ዛፎች አትፈልጉት። ዛፍ ከሌላችሁ በራሱ የሚቆም የብረት መወጣጫ ግዙ። ዛፉ ካላችሁ ግን መረብ የሌለውንና ዘንጎቹ የበዙለትን ምረጡ። ዘንጎቹንና ቀለበቶቹን ከማሰሪያው ጋር የሚያያይዙት መንጠቆዎች እንደ ብሎን እየዞሩ የሚቆለፉ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ዝም ብለው የሚከፈቱት ልጅ ሲወዛወዝ ሊላቀቁ ይችላሉ።