ከደብረ ማርቆስ የገዛሁት የዕቅድ ደብተር

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በ180 ብር የገዛሁት የዕለት ትምህርት ዕቅድ ደብተር ነው። አምስተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ አስተምራለሁ። አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ሠራሁበት።

አብዛኛው ነገሩ የለመድነው ነው። ርዕስ፣ ዓላማ፣ የመምህር ተግባር፣ የተማሪ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና። የክፍለ ጊዜዋ 40 ደቂቃም ተከፋፍላ ታትማለች። አዲሱ ነገር ከገጹ ግርጌ ያለችው ሣጥን ናት። «ተማሪዎች የት ሊሳሳቱ ይችላሉ? ምን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?» ትላለች። ለእኔ ደብተሩን ደብተር ያደረገችው እሷ ናት።

ክፍልፋይ የጀመርን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ሣጥኗ ላይ «ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ይደምራሉ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ስል ብዙዎቹ 2/5 አሉ። ድሮ ቢሆን ስህተት ነው ብዬ ሕጉን ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ጥያቄዬን ይዤ ነው የገባሁት። ከቤት ሁለት እኩል ቂጣ አምጥቻለሁ። አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለአምስት ቆረጥኩ። ከአምስቱ ሁለቱን ቁራሽ ከግማሹ ጎን አድርጌ ጠየቅኳቸው። «ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘን?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የግማሹና የሲሶው ቁራሽ እኮ እኩል አይደለም። እንዴት አብሮ ይቆጠራል?» አባቷ የሰው መሬት በሲሶ ያርሳል። ሲሶን ከመጽሐፉ በፊት ከአውድማ ነው የምታውቀው። ሦስተኛ ቂጣ ለስድስት ቆረጥን። ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት። 5/6 ብለው ራሳቸው ቆጠሩት።

ለሳይንስ ግን ደብተሩ ደካማ ነው። ለሙከራ የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ባቄላ አብቅለን በየቀኑ ያየነውን የምጽፍበት አጣሁና ሌላ ወረቀት ሰፋሁበት።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን መግቢያው ላይ ያለው የናሙና ዕቅድ ነው። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ብሎ ይጠይቅና «100» የሚለውን ብቻ ትክክል ያደርጋል። ይሄ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በቴርሞሜትር ለክቶ 92 ያለ ልጅ በዚህ ናሙና ኤክስ ይደረግበታል። በዓይኑ ያየውን ትቶ የታተመውን እንዲያምን ማስተማር ማለት ነው። አሳታሚዎቹ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ያንን ገጽ አስተካክሉት።

ጥራዙም ቶሎ ይላቀቃል። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሌላ ገዝቻለሁ። ይሄኛውን ሳልጽፍበት በፊት ጀርባውን በፕላስተር አጠናክሬዋለሁ፣ ናሙናው ላይም «92» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።